ፍራንሲስኮ ቢልባኦ፦ ጽሑፉ በእሳት የተፈረደበት ደራሲ

እ.ኤ.አ. በ1844 በቺሌ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ አንድ የ21 ዓመት ተማሪ ለፍርድ ቀረበ። በእጁ የተገኘ ጦር መሣሪያ አልነበረም። ወንጀሉ «የፀሐይ ግባት» የሚል ትርጉም ባለው መጽሔት ላይ ያወጣው አንድ ጽሑፍ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሃይማኖትን ሰድቧል፣ ሥነ ምግባርን አርክሷል፣ ሕዝብን ለዐመፅ አነሣሥቷል ሲል በሦስት ክስ ወነጀለው።

ለመሆኑ ጽሑፉ ምን ይላል? ቺሌ ከስፔን ቀንበር መላቀቋን ካወጀች 26 ዓመት ሆኗት ነበር። ቢልባኦ ግን ስፔን በጦሯ ብትወጣም በልማዷ አልወጣችም ይላል። ሕገ መንግሥቱ ሪፐብሊክ ይላል፤ በርስቱ ላይ ባለመሬቱ በጭሰኛው፣ በቤት ውስጥ ባል በሚስቱ፣ በኅሊና ላይም ካህኑ እንደ ንጉሥ ይገዛሉ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን የጻፈው ገና ከትምህርት ገበታ ያልተነሣ ወጣት መሆኑን ልብ ይሏል!

ዳኞቹ ከዐመፁ ክስ ነፃ አውጥተው በቀሩት ሁለቱ ጥፋተኛ አሉት፤ 1,200 ፔሶ መቀጮ እንዲከፍል፣ አለዚያም እንዲታሰር ፈረዱ። ጽሑፉም እንዲቃጠል ታዘዘ። ችሎቱን የሞላው ሕዝብ ግን ገንዘቡን እዚያው አዋጥቶ ከፈለና ወጣቱን በሆታ ይዞት ወጣ። ለአንድ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ሽልማት የሚገኝ አይመስለኝም።

ከትምህርት ቤት ስለ ተባረረ ወደ ፓሪስ ተሻገረ። በዚያም ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተጣላውን ቄስ ላምኔን፣ ሚሽሌንና ኪኔን ቀረበ፤ የ1848ቱንም አብዮት በዐይኑ አየ። በ1850 አገሩ ተመልሶ ከሳንቲያጎ አርኮስ ጋር «የእኩልነት ማኅበር»ን መሠረተ። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሁሉ የአእምሮን የበላይነት፣ የሕዝብን ሉዓላዊነትና የሰውን ልጅ ወንድማማችነት መቀበሉን ይጠየቅ ነበር። ልብስ ሰፊውና ጫማ ሠሪው ከተማረው ጎን በአንድ አግዳሚ ተቀመጠ። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ከከተማ የእጅ ባለሙያዎች እምብዛም አላለፈም፤ ቢልባኦ በብዕሩ የተሟገተለት ያ ጭሰኛ በገጠር ማንበብ ሳይችል እንደ ቀረ ቀረ። በእኔ አስተያየት የድካሙ ሁሉ ስስ ጎን ይህ ነው። መንግሥት በዚያው ዓመት ኅዳር ማኅበሩን አገደ፤ የ1851ዱም የሚያዝያ ዐመፅ በደም ተደመሰሰ።

ቢልባኦ ወደ ፔሩ ተሰደደ፤ በዚያም ባርነት እንዲቀር ጻፈ፣ ተከራከረም። ባርነቱ በ1854 በሕግ ተሻረ። በ1856 በፓሪስ ባደረገው ንግግር «ላቲን አሜሪካ» የሚለውን ስያሜ ቀድመው ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዱ ሆነ። የናፖሊዮን ሣልሳዊ ጦር ሜክሲኮን በወረረ ጊዜ ግን፣ በ1862፣ «አሜሪካ በአደጋ ላይ» የተሰኘውን መጽሐፉን ያነጣጠረው የወጣትነት መምህሮቹን በሰጠችው በፈረንሳይ ላይ ነበር። በ1865 በቦነስ አይረስ ሲሞት 42 ዓመቱ ነበር፤ ከ1851 ወዲህ አገሩን ዳግም አላያትም።