ሸክም የተሸከመ አግዳሚ የሚሰበረው የት ላይ ነው?

በሁለት ምሰሶዎች ላይ የተጋደመ እንጨት የብዙ ግንባታዎች መነሻ ቅርጽ ነው። የእህል ቆጥ፣ የበር ጉበን፣ የጅረት መሻገሪያ፣ የፎቅ ቤት ቢም ሁሉም ከዚህ ይነሳሉ። ሸክም ሲያርፍበት አግዳሚው ይጎብጣል፤ የላይኛው ገጹ ሲጨመቅ የታችኛው ይወጠራል። ይህን የሚያደርገውን የማጉበጥ ኃይል መሐንዲሶች «ቤንዲንግ ሞመንት» ይሉታል።

የማጉበጥ ኃይል በክብደት ብቻ አይለካም፤ ክብደቱ በርቀት ተባዝቶ ይገኛል። በርን ከማጠፊያው አጠገብ ገፍቶ መክፈት የሚከብደው፣ ከጠርዙ ሲገፋ ግን የሚቀለው በዚሁ ምክንያት ነው።

*አሰላሉ*

አንድ የቆጥ አግዳሚ በ4 ሜትር ርቀት በቆሙ ሁለት ምሰሶዎች ላይ ተጋድሞ 8 ኩንታል እህል እኩል ተዘርግቶበታል እንበል። በየሜትሩ 2 ኩንታል ያርፋል ማለት ነው። የአግዳሚው የራሱ ክብደት ለጊዜው ይቆይ።

በመጀመሪያ የምሰሶዎቹ ድርሻ ይፈለጋል። ሸክሙ እኩል ስለተዘረጋ እያንዳንዱ ምሰሶ 4 ኩንታል ይሸከማል። ቀጥሎ አግዳሚው መካከሉ ላይ እንደተቆረጠ ታስቦ አንዱ ጎን ብቻ ይታያል። ምሰሶው 4 ኩንታሉን ወደ ላይ የሚገፋው ከመካከሉ 2 ሜትር ርቆ ነው፤ ሲባዛ 8 ይሆናል። በዚሁ ጎን ያለው 4 ኩንታል እህል ደግሞ ወደ ታች ይጫናል፤ የክብደቱ ማዕከል ከመካከሉ 1 ሜትር ስለሚርቅ ውጤቱ 4 ነው። ከ8 ላይ 4 ሲቀነስ 4 ይቀራል። ይህ 4 ኩንታል-ሜትር በአግዳሚው ላይ ትልቁ የማጉበጥ ኃይል ነው። የ1 ኩንታል ክብደት ወደ 1 ኪሎ ኒውተን ስለሚጠጋ በመሐንዲሶች መለኪያ ወደ 4 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይሆናል።

*ከስሌቱ የሚገኘው ትምህርት*

ያው 8 ኩንታል በአግዳሚው መካከል ቢከመር የማጉበጥ ኃይሉ 8 ይደርሳል። ክብደቱ ሳይጨምር አደጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ እህል በቆጥ ላይ ሲቀመጥ መበተን፣ ከባዱን ወደ ምሰሶዎቹ ማስጠጋት ይገባል።

በአንጻሩ መካከሉ ላይ ሦስተኛ ምሰሶ ቢቆም የተዘረጋው እህል ትልቁ የማጉበጥ ኃይል ወደ 1 ይወርዳል። ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ጉብጠቱን የሚያመጣው ኃይል ወደ ሩብ ይቀንሳል። ሆኖም አግዳሚው ወጥ ከሆነ አዲሱ ምሰሶ ብቻውን 5 ኩንታል ስለሚሸከም መቆሚያው ጠንካራ መሬት ወይም ድንጋይ ሊሆን ይገባል።

የእንጨቱ አቀማመጥም ወሳኝ ነው። 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በጠባብ ጎኑ ሲቆም በሰፊ ጎኑ ከሚተኛው ይልቅ 3 እጥፍ ይቋቋማል። የከፍታን ጥቅም ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ በ1638 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶታል።

*በኮንክሪት ቤት*

በኮንክሪት ግንባታ ቢሙና ኮለኑ አንድ ሆነው ስለሚታሰሩ ቢሙ ሲጎብጥ ኮለኑንም ይዞ ለመዞር ይሞክራል። በዚህ ጊዜ 4ቱ አይጠፋም፤ ይከፋፈላል። የቢሙ ጫፎች ፈጽሞ እንዳይዞሩ ቢያዙ በእያንዳንዱ ጫፍ ወደ 2.7፣ በመካከሉ ወደ 1.3 ያርፋል። ኮለኖች በጥቂቱም ቢሆን ስለሚተጣጠፉ የማዕዘኑ ድርሻ ከዚህ ያንሳል፣ የመካከሉ ይጨምራል።

ኮንክሪት ጭመቃን እንጂ ውጥረትን በደንብ አይችልም፤ ውጥረቱን የሚሸከመው ፌሮ ነው። ውጥረቱ በቢሙ መካከል ከታች፣ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ግን ከላይ ነው። ዋናው ፌሮም ውጥረቱን ተከትሎ መታሰር አለበት።

ስህተት ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ከግድግዳ ወጥቶ በሚንጠለጠል በረንዳ ላይ ነው። ሌላ ደጋፊ ስለሌለው ውጥረቱ በሙሉ ከላይ ነው። በየሜትሩ 2 ኩንታል የተሸከመና 2 ሜትር የወጣ በረንዳ በግድግዳው በኩል የሚያርፍበት ኃይል በሁለት ምሰሶ መካከል ካለው የ4 ሜትር አግዳሚ ጋር እኩል ነው። የላይኛው ፌሮ ኮንክሪት ሲሞላ በሠራተኞች እግር ተረግጦ ወደ ታች ከወረደ በረንዳው ካሳፎርማው ሲነሳ ወይም ሰው ሲበዛበት ሊወድቅ ይችላል።

በመሆኑም ባለቤቱ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የፌሮው አቀማመጥ ከዲዛይኑ ጋር በባለሙያ እንዲመሳከር ማድረግ ይኖርበታል። ከሙሌት በኋላ ፌሮው በዓይን አይታይም። ከላይ የቀረበው ስሌት ነገሩን ለመረዳት እንጂ የመሐንዲስን ዲዛይን ለመተካት አይደለም፤ የቤቱ ክብደት፣ ንፋስና የመሬት መንቀጥቀጥም ይታሰባሉና።