አሳታሚ የለውም፤ አራሚ ግን አለው

አንድ ደራሲ «መጽሐፌን በራሴ ወጪ ነው ያሳተምኩት» ሲል ድምፁ ዝቅ ይላል። ሰሚውም ከንፈሩን ይመጥጣል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። በዚህ አገር መጽሐፍ መሥራት ከጥንት ጀምሮ የባለጉዳዩ የራሱ ሥራ ነበር። ማስረጃ የሚፈልግ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጋይንት ይውረድ።

ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የሚባል ደብር አለ፤ የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ድጓ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ፣ የዓመቱን መዝሙር የያዘ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ከቃሉ በላይ ዜማውን የሚመሩ ደቃቅ ፊደላትና ምልክቶች ይደረደራሉ፤ ጭረቱ፣ ድፋቱ፣ ደረቱ። ምልክቶቹን የደነገጉት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸው ይነገራል።

ታዲያ ያ ደሀ ተማሪ ይህን የሚያህል መጽሐፍ ከየት ያመጣል? ገንዘብ የለው፤ የሚበላው እንኳ ከሰው ደጅ የለመነውን ቁራሽ ነው። በቀደመው ልማድ ራሱ ይጽፈዋል። ድጓን መገልበጥ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር። ቆዳው ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ጥቀርሻው ከተቆላ እህል ጋር ተበጥብጦ ወራት ከከረመ በኋላ ቀለም ይወጣዋል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል።

ይህ ተማሪ ለገበያ የሚሠራ ቁም ጸሐፊ አይደለም። በዛሬው አነጋገር አማተር ነው። ግን «አማተር ነውና ይለፈው» የሚል አልነበረም። አንዲት ምልክት ቦታዋን ብትስት ዜማው ይበላሻል፤ የተበላሸ ዜማ ደግሞ አንድ ቀን በማኅሌት መካከል ያዋርዳል። ስለዚህ የጻፈው መምህሩ ፊት ይቀርባል። የተሳሳተው በምላጭ ይፋቅና እንደገና ይጻፋል።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላም ዓለም አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አወጡ። ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው፣ ታሪኩን በጋራ የሚፈጥሩበት ነው። የመጀመሪያዎቹ 1,000 ቅጂዎች የወጡት ጋይጋክስ ከወዳጁ ጋር ባቋቋመው ሚጢጢ ድርጅት ነበር። ዛሬ የዚያን ዘመን አጨዋወት የሚወዱ ሰዎች፣ ቀን ሌላ እንጀራ ላይ ውለው፣ ማታ ማታ ለጨዋታው የሚሆን ጀብዱ ይጽፋሉ፤ ካርታውን ይሥላሉ፤ ራሳቸው ያሳትማሉ። የጥሩዎቹን ሥራ ከትልቅ አሳታሚ ሥራ መለየት ያስቸግራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከመታተሙ በፊት ሌሎች ሰዎች ይጫወቱታል፣ ጉድለቱን ያወጡታል፣ ጸሐፊው ያርመዋል። ከመምህሩ ፊት መቅረብ ማለት ይኸው አይደል?

ወደ እኛ እንመለስ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍታቸውን በራሳቸው ማተሚያ ቤት፣ በጎሐ ጽባሕ፣ ሲያሳትሙ ያፈሩበት አይመስለኝም። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ ሳንሱሩ ቢያስመርርም ረቂቁን በብዕር የሚያሹ አርታዒያን ነበሩት። ከዚያ ወዲህ ብዙው ደራሲ ገንዘቡን ከዘመድ ከወዳጅ ለቃቅሞ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ማተሚያ ቤት ደግሞ ያትማል እንጂ አያርምም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በ20ኛው ገጽ ተቀብሮ በ60ኛው ገጽ ቡና የሚጠጣ ሰው ያለበት ልቦለድ እጄ ገብቶ ያውቃል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቆይቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ያንን መጽሐፍ በምሳው ገንዘብ የገዛ ተማሪ ሁለተኛ የአዲስ ደራሲ ሥራ ይገዛል? በአንዱ ቸልተኝነት የሚቀጣው ገና ያልታተመው ሌላው ነው።

እንግዲህ ከቤተልሔም ተማሪ ግማሹን ወርሰናል፤ በራስ አቅም መጽሐፍ ማውጣቱን። የቀረን ምላጩ ነው። ለሽፋን ሥዕልና ለምረቃ ድግስ የሚወጣው ገንዘብ ትንሹ እጅ ለአንድ ጥሩ አራሚ ቢከፈል፣ ረቂቁም ለማያዳሉ ሦስት ሰዎች ቢነበብ፣ በራስ ወጪ ማሳተም የሚያሳፍር ነገር የለውም። አንባቢ የከፈለው ለመጽሐፉ ነው፤ ማን አሳተመው ብሎ አይጠይቅም።