የእርሳስ ፊደልና የድሬዳዋው መዝገበ ቃላት

እ.ኤ.አ. በ1929 የባቴማን የአማርኛና ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በድሬዳዋ የታተመው በካፑቺን ሚሲዮናውያን የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ነው። ማተሚያ ቤቱ ሥራ የጀመረው በሐረር ሲሆን፣ ከ1905 አንስቶ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጣ ነበር፤ ኋላ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። ድሬዳዋ ከ1902 ጀምሮ ከጅቡቲ ጋር በባቡር የተገናኘች በመሆኗ ወረቀትና ከባድ ዕቃ ለማስመጣት ታመች ነበር። ያም ሆኖ ያን መጽሐፍ በእርሳስ ፊደል ማተም ቀላል አልነበረም። ፊደል ለቃሚው ተገልብጠው የተቀረጹ የእርሳስ ፊደላትን ከየሣጥናቸው አንድ በአንድ እያነሳ መስመር ይሠራል፤ ገጹ በፍሬም ተጠፍሮ ቀለም ይቀባና ወረቀት ይጫንበታል። ለላቲን ፊደል ትልቁና ትንሹ ተደምሮ 52 ቅርጽ ይበቃል። የእኛ 33 ፊደላት ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ገና አልተቆጠሩም። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይፈልጋል።

ታዲያ በእጅ ጽፎ ማባዛት አይሻልም ነበር? «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ፣ ማባዣ ሲገኝለትም በ200 ገደማ ቅጂ መሰራጨቱ ለዚህ መከራከሪያ ይሆናል። ለሳምንታዊ ወሬና ለጥቂት አንባቢ ዘዴው ትክክል ነበር። መዝገበ ቃላት ግን ደጋግሞ የሚታረም፣ ለዓመታት የሚገለጥ መጽሐፍ ነው። በእርሳስ ፊደል የተሳሳተችው አንዲት ፊደል በወረንጦ ወጥታ ሌላ ትተካለች፤ በእጅ የተጻፈ ገጽ ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ እንደገና መጻፍ አለበት። የለቀማው ድካም የሚካሰው በእርማቱ ቅለትና በኅትመቱ ጥራት ነው።

ዛሬ ሁሉም በኮምፒውተር ስለሚሠራ ይህ ስሌት አብቅቷል የሚሉ አሉ። አላበቃም። በኮምፒውተር የተዘጋጀ ገጽ በብዛት የሚታተምበት ኦፍሴት የሚሠራው ዘይትና ውሃ ስለማይዋሐዱ ነው፤ ዘይታማው ቀለም በማተሚያ ሰሌዳው (ፕሌቱ) ላይ ጽሑፉን ብቻ ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ጎማ፣ ከጎማው ወደ ወረቀት ያልፋል። ፕሌት ማውጣትና ማሽን ማስተካከል ለ50 ቅጂም ለ50,000ም ያው ወጪ ስለሆነ፣ ቅጂው በበዛ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። በድሬዳዋ ገጠር፣ በቢዮ አዋሌ ለሚገኙ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ፈተና ለማዘጋጀት ማባዣ ወይም ፕሪንተር ይበቃል፤ ለመላው አስተዳደር የመማሪያ መጽሐፍ ሲታዘዝ ግን ኦፍሴት ይመረጣል። ስለዚህ የኅትመት በጀት የያዘ ሁሉ ስለ ማሽኑ አዲስነት ከመጠየቁ በፊት የቅጂውን ብዛትና የእርማቱን መጠን ይወስን።