ዳዊት መድገም በሐረር ከተማ

ስለ ሐረር የክርስትና ኑሮ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከ1879 ዓ. ም. ነው፤ ይኸውም ንጉሥ ምኒልክ አሚር አብዱላሂን በጨለንቆ ድል አድርገው ወደ ከተማይቱ የገቡበት ዘመን ነው። ከዚያም አብያተ ክርስቲያናትን ይቈጥራል። መድኃኔ ዓለም በፈረስ መጋላ፣ ግብፃውያን ባሠሩት መስጊድ ስፍራ ላይ መታነጹን፣ ራስ መኰንንም ከዐድዋ ድል በኋላ ቍልቢ ገብርኤልን ማሠራታቸውን ያወሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የሕንጻ ታሪክ የሹማምንት ታሪክ ነው፤ ከደጋው አገር መጥቶ በጁገል ውስጥና ዙሪያ የሰፈረው ወታደር ጧት ሲነሣ ምን ይጸልይ እንደ ነበረ አይነግረንም። በኔ አስተያየት የዚህን ሰው ቀንና ሳምንት ይለካለት የነበረው ከደወሉ ይልቅ መዝሙረ ዳዊት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅዳሴ ታቦትና ቢያንስ አምስት ልዑካን ይሻል፤ ዳዊት ለመድገም ግን አንድ ማንበብ የሚችል ሰው ይበቃል። መጽሐፉ በማኅደር ሆኖ በትከሻ ይንጠለጠላል፤ ሰፈር ሲነሣ አብሮ ይነሣል። በውስጡም ከመዝሙሩ በቀር ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይገኛሉ። እንግዲህ ባለቤቱ የተሸከመው አንድ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን ጸሎት ሁሉ ነበር።

የአከፋፈሉ ሥርዐት ሊታወቅ ይገባል። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ 150ው መዝሙር 15 ንጉሥ ይሆናል ማለት ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይነበባሉ። ረቡዕና ዓርብ ሁለት ንጉሥ ብቻ የደረሳቸው ስለ ጾሙ ነው ሊባል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ከመዝሙሮቹ ሁሉ የሚረዝመው፣ 176 ቍጥር ያለው መዝሙር 118፣ የሚውለው በዓርብ ነው፤ 72 ቍጥር ያለው መዝሙር 77ም በረቡዕ። ስለዚህ ከጾሙ ይልቅ የንባቡ ርዝመት የተመዘነ ይመስለኛል። የቅዳሜው ማነስ ግን በዚህ አይፈታም።

ይህ የቤት ንባብ ከቤተ ክርስቲያኑ ንባብ የተለየ አይደለም። በቅዳሴ ጊዜ ከወንጌል በፊት የሚሰበከው ምስባክ ግጻዌው ለዕለቱ የወሰነው የዳዊት ቃል ነውና፣ ዳዊት ደጋሚው ምእመን ምስባኩን ሲሰማ የሚያውቀውን ይሰማል። ፊደል ያልቈጠሩት ቤተ ሰቦችም ባለመጽሐፉ ሌሊት ሲደግም እየሰሙ ብዙውን በቃላቸው ይይዙ ነበር። ቋንቋችን ይህን ንባብ «መድገም» ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዳዊት አንድ ጊዜ ተነቦ የሚዘጋ መጽሐፍ አይደለምና።

በሐረር ይህ ልማድ የገባው ባዶ ስፍራ ላይ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1998 ዓ. ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብርና መዘከሪያ ስፍራዎች እንዳሉት ጽፏል። ቁርኣንም በወር ለሚጨርሰው በ30 ጁዝ፣ በሳምንት ለሚጨርሰው በ7 መንዚል ይከፈላል። ሐረሪው በቤቱ በሐረሪ፣ ክርስቲያኑ ባማርኛ ይነጋገራሉ፤ ሲጸልዩ ግን አንዱ በዐረብኛ፣ ሌላው በግእዝ ነው። ሦስተኛም አለ። አባ ቶረን ካኻኝ የሚመሩት የካፑቺን ሚሲዮን ከምኒልክ በፊት፣ በ1881 በአውሮፓ አቈጣጠር፣ በሐረር ተተክሎ ነበር። በእንድርያስ ዣሮሶ ጵጵስና ዘመን ደግሞ፣ በ1911 በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 10ኛ ካህናቶቻቸው 150ውን መዝሙር በየሳምንቱ እንዲያደርሱ የጸሎቱን መጽሐፍ አሻሻሉ። ላቲኑም ግእዙም የሰብዓ ሊቃናትን አቈጣጠር ስለሚከተሉ፣ በአንድ ከተማ ቅጥር ውስጥ ሁለት ወገን ካህናት አንዱን መዝሙር በአንድ ቍጥር ይጠሩት ነበር ማለት ነው። ይህን ስል ሃይማኖታቸው አንድ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የጸሎታቸው ልክ ይቀራረብ ነበር ማለቴ ነው።

የግእዝ ዳዊት በማተሚያ ቤት የታተመው ቀድሞ ነው፤ በ1513 በአውሮፓ አቈጣጠር ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮማ አሳትሞታል። በአገራችን ግን የብራናው ዳዊት ለኅትመቱ ቦታውን የለቀቀው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው፤ በዚህም የተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት ድርሻ ትልቅ ነበር። ርካሹ መጽሐፍ ጸሎቱን አስፋፋ፤ ብራናውን ግን ከመደገሚያነት ወደ ሣጥን አወረደው፤ ከሣጥንም ወደ ገበያ የወጣ አለ። በብራና ዳዊት ባዶ ቅጠሎች ላይ የባለቤቱ ስም፣ የልጅ ልደት፣ የርስት ውል ተጽፎ ይገኛልና፣ መጽሐፉ ሲሸጥ የሰፋሪው ቤተ ሰብ ታሪክም አብሮ ይሸጣል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ በሐረር ቤቶች የሚያጋጥመው ተማሪ ከሥዕሉና ከሐረጉ በፊት የጣቱን ዕድፍ ይመልከት። ዕድፉ በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ላይ ብቻ ከበዛ መጽሐፉ ሕፃን የተማረበት ሊሆን ይችላል፤ ከሰኞው እስከ ቅዳሜው ንባብ በእኩል ከተዳረሰ ግን በየሳምንቱ የተደገመ ነው ብሎ ለመገመት በቂ ምክንያት አለ።