ግድግዳው ላይ የሚንሸራተት ጋዝ

ወንዝ ዳር ያለው ውሃ ከመሐሉ ይልቅ ዝግ ይላል። ብዙ ሊቃውንትም ፈሳሽ ሆነ ጋዝ ግድግዳ ሲነካ ጨርሶ ይቆማል ይሉ ነበር። ታዲያ ይህን እምነት ምን ነቀነቀው?

በ1875 (እ.ኤ.አ.) ኩንትና ዋርቡርግ የተባሉ ጀርመኖች በስስ ጋዝ ውስጥ ዲስክ አንጠልጥለው ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ። ጋዙ በጣም ሲሳሳ ውዝዋዜውን የሚገታው ኃይል ቀነሰ። ጋዙ ግድግዳው ላይ ይንሸራተታል ማለት ነው። በ1879 ማክስዌል፣ በሞተበት ዓመት፣ ለመንሸራተቱ ሒሳብ አበጀለት። በ1909 ደግሞ ዴንማርካዊው ክኑድሰን በቀጫጭን ቱቦዎች ጋዝ አሳልፎ፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ከመጋጨት ይልቅ ግድግዳውን የሚመቱበትን ፍሰት መረመረ። ቁም ነገሩ እንግዲህ ይሄ ነው፤ ቱቦው ሲጠብ ወይም ጋዙ ሲሳሳ የፍሰቱ ሕግ ይለወጣል።

ነገሩ የላቦራቶሪ ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። በ1945 አሜሪካ፣ ኦክ ሪጅ ውስጥ፣ የዩራኒየም ጋዝ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች እየሾለከ ቀላሉ ከከባዱ ቀስ በቀስ ተለየ። በሂሮሺማው ቦምብ ውስጥ የዚያ ፋብሪካ ድርሻ አለበት።

ክኑድሰን ቱቦውን ሲለካ የአቶም ቦምብ የሚባል ነገር አልነበረም። ጥፋቱ የቱቦው አይደለም። ዕውቀቱን ማን ያዘው? ለምንስ አዋለው? እኛ የታሪክ ተማሪዎች ይህን ካልጠየቅን ማን ሊጠይቅልን ነው?