ከኢንሱሊን በኋላ፤ የደም ስኳር ልኬት አጭር ታሪክ

ስለ ስኳር በሽታ ሕክምና ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚወሳው የኢንሱሊን መገኘት ነው። በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ማክሊዮድ ቤተ ሙከራ ምርምር ጀመሩ፤ ያገኙትም ንጥረ ነገር በኮሊፕ ከተጣራ በኋላ በጃንዋሪ 1922 ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጥቶ ከሞት አፋፍ መለሰው። ከዚያ በፊት የነበረው ዋነኛ ሕክምና በሽተኛውን ማስራብ ነበር፤ ይህም ዕድሜውን ጥቂት ያራዝም እንደሆነ እንጂ አያድነውም ነበር።

ይሁንና ኢንሱሊን ሞትን ቢያርቅም ሌላ ችግር አስከተለ። ጤናማ ቆሽት የደሙን ስኳር ያለማቋረጥ እየተከታተለ የሚበቃውን ኢንሱሊን ያመነጫል። በመርፌ የተሰጠ ኢንሱሊን ግን በሽተኛው ይብላ ይጹም፣ ይሥራ ይረፍ አይለይም። መጠኑ ሲበዛ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይመጣል፤ ሲያንስ ደግሞ በዓመታት ውስጥ ዓይን፣ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳሉ። በዚህም የተነሣ በሽተኛው ቆሽት ይሠራው የነበረውን ሥራ በራሱ ስሌት ለመሥራት ተገደደ፤ ለስሌቱ የሚያስፈልገው ልኬት ግን በእጁ አልነበረም።

ለብዙ ዓመታት በቤት ውስጥ የሚመረመረው ሽንት ነበር። ቤኔዲክት በሚባለው ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ ጥቂት የሽንት ጠብታዎች ተጨምረው ሲፈላ፣ እንደ ስኳሩ ብዛት ቀለሙ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ በመጨረሻም ወደ ሸክላ ቀይ ይለወጣል። በ1940ዎቹ ክሊኒቴስት የተባለው ክኒን ማፍላቱን አስቀረ። ዘዴው ቀላል ቢሆንም ጉድለቱ መሠረታዊ ነው። በአብዛኛው ሰው ስኳር ወደ ሽንት የሚወጣው በደም ውስጥ በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ነው። እንግዲህ ፈሳሹ ሰማያዊ ሆኖ የቀረለት በሽተኛ ስኳሩ 150 ይሁን 40 ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያየውም ሽንቱ በተጠራቀመባቸው ሰዓቶች የነበረውን እንጂ የአሁኑን አይደለም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ዴክስትሮስቲክስ የተባለው የደም መመርመሪያ ወረቀት፣ በ1970 ገደማም የወረቀቱን ቀለም የሚያነብ መሣሪያ ተገኘ። መሣሪያው የታሰበው ግን ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች ነበር። ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በሽታው የነበረበት አሜሪካዊው መሐንዲስ ሪቻርድ በርንስታይን ያገኘው ሐኪም በነበረችው ባለቤቱ በኩል ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ ደሙን እየለካም ምግቡንና ኢንሱሊኑን አመጣጠነ። በ1978 በብሪታንያ በሽተኞች በቤታቸው ደማቸውን ራሳቸው መለካት እንደሚችሉ የሚያሳዩ ጥናቶች ታተሙ። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ1993 የተፈጸመው ታላቅ ጥናትም ጥብቅ ቁጥጥር የዓይን ጉዳት የመጀመር አደጋን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። በዚያው ጥናት ከባድ የስኳር መውረድ በሦስት እጥፍ ገደማ መጨመሩም ታየ። ቁጥጥሩ በጠበቀ መጠን ልኬቱም ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ፣ በጎንደርና በጅማ አካባቢ፣ የገጠር በሽተኞች ክትትል ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ወርዶ በነርሶች እንዲካሄድ መደረጉ የመንገዱን ርቀት አሳጥሯል። ነገር ግን ኢንሱሊን የደረሰበት ቤት ሁሉ መለኪያ ደርሶታል ማለት አይደለም። መለኪያ የሌለው ገበሬ በጾም ወራት ወይም በአጨዳ ሰሞን የኢንሱሊኑን መጠን የሚወስነው በግምት ነው፤ በእርሻው መካከል ራሱን ስቶ እንዳይወድቅ ሲፈራም መጠኑን ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ምክር አልሰማም ብሎ ከመውቀስ በፊት፣ በምን ለክቶ ምክሩን እንዲፈጽም እንደተጠበቀ መጠየቅ የባለሙያው ፋንታ ነው።