የቤት ልጆች ዋንጫና እኛ

በኢዮቤልዩ መጽሔታችን ስለ ማኅበሩ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ስለ አንድ የእግር ኳስ ዋንጫም ለመጻፍ የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቻን እየተባለ የሚጠራው የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና ከሌሎች ውድድሮች የሚለየው በአንድ ደንብ ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ መሰለፍ የሚችለው በገዛ አገሩ ሊግ ለሚገኝ ክለብ የሚጫወት ዜጋ ብቻ ነው። ከአገር የወጣ ተጫዋች ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አይሰለፍም። እንደ እኛ ከአገር ወጥቶ ናይሮቢ የከተመ ሰው ይህን ሲሰማ ትንሽ ቆንጠጥ ሳያደርገው አይቀርም። ልጆቻችንማ የሚታገዱት በሁለት በኩል ነው። የኢትዮጵያ ዜግነቱን ይዞ በኬንያ ሊግ የሚጫወት ልጅ ለኢትዮጵያ እንዳይሰለፍ ሊጉ፣ ለኬንያ እንዳይሰለፍ ደግሞ ዜግነቱ ያግደዋል።

ይሁን እንጂ የካፍ ሐሳብ መልካም ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ የምናያቸው ታላላቅ ቡድኖች በአውሮፓ በሚጫወቱ ልጆች የተሞሉ በመሆናቸው፣ አገር ቤት ለቀረው ተጫዋች መታያ መድረክ ያስፈልገው ነበር። የመጀመሪያው ውድድር በ2009 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በኮትዲቯር በስምንት ቡድኖች ተካሂዶ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ጋናን 2 ለ0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከምሥራቅ አፍሪካ ታንዛኒያ በዚያ ነበረች። በ2011 ሱዳን ስታዘጋጅ የቡድኖቹ ቁጥር 16 ደረሰ።

የእኛ ተራ የመጣው በ2014 በደቡብ አፍሪካ ነው። ዋልያዎቹ ከዓመት በፊት በዚያው አገር ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ስለነበር ተስፋችን ትልቅ ነበር። ነገር ግን አጥቂው ጌታነህ ከበደ በ2013 ወደ ቢድቬስት ዊትስ፣ ማለትም ወደ ጆሃንስበርግ ክለብ ተዛውሮ ነበር። ውድድሩ እሱ በሚኖርበት አገር እየተካሄደ እሱ ሊሰለፍ አልቻለም! ቡድናችን በብሉምፎንቴይን በሊቢያ፣ በኮንጎ ብራዛቪልና በጋና ተሸንፎ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተመለሰ።

ለ2016ቱ የሩዋንዳ ውድድር ማጣሪያ የገጠመን ደግሞ ኬንያ ነበር። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ0 አሸንፈን የመልሱ ጨዋታ በ2015 እዚሁ ናይሮቢ ተደርጎ 0 ለ0 አለቀ። ከኬንያውያን ጎረቤቶቻችን ጋር በቀልድም በቁጣም የተከራከርንበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ ቡሩንዲን ደርሶ መልስ 3 ለ2 አልፈን ሩዋንዳ ገባን፤ እዚያ ግን ከካሜሩን ጋር 0 ለ0 ከመውጣት በቀር ያተረፍነው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው የአዘጋጅነት ታሪክ ነው። የ2018ቱ ውድድር ለኬንያ ተሰጥቶ ሳለ ዝግጅቱ በመዘግየቱ ካፍ በ2017 ቀማትና ለሞሮኮ ሰጠ። የሚቀጥለው ለኢትዮጵያ ሲሰጥ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ከዘመድ ጋር አዲስ አበባ ገብተን እናያለን ብለን ነበር። እሱም በ2019 ወደ ካሜሩን ተዛወረ። የምንኖርበት አገርም የተወለድንበት አገርም በተከታታይ አጡ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የ2022 ማጣሪያ ነው። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ዳሬሰላም ላይ አደረጉ። (በዚያው ዓመት ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን 2 ለ0 ያሸነፉበት «ሜዳቸውም» የማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበረች።) የቤት ልጆች ዋንጫ፣ ያለ ቤት! ደቡብ ሱዳንን 5 ለ0 አሸንፈው፣ ከሩዋንዳ ጋር ዳሬሰላም ላይ 0 ለ0 ተለያይተው፣ ሁዬ ላይ 1 ለ0 አሸንፈው በ2023 መጀመሪያ ወደ አልጄሪያ አለፉ። በሜዳ ላይ ካደረጉት ሁሉ እኛ የምናደንቀው ይህንን ነው። በአልጄሪያ ከሞዛምቢክ ጋር 0 ለ0 ወጥተው በአልጄሪያና በሊቢያ ተሸነፉ። ሦስቱን ተሳትፎ ስንደምር 9 ጨዋታ፣ 2 ግብ፣ 2 አቻ፣ ድል የለም።

በነሐሴ 2025 ዋንጫው በመጨረሻ ደጃችን ደረሰ። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ በጋራ አዘጋጁት። ኢትዮጵያ ግን በማጣሪያው በሱዳን ተሸንፋ ቀርታለች። ሱዳንን ለመውቀስ አንደበት አልነበረንም፤ በጦርነቱ ምክንያት አል ሂላልና አል መሪክ በሞሪታኒያ ሊግ እየተጫወቱ ነበር። ቤቱ የፈረሰበት ቡድን ናይጄሪያን 4 ለ0 አሸንፎ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ሞሮኮ በካሳራኒ ማዳጋስካርን 3 ለ2 አሸንፋ ለሦስተኛ ጊዜ ዋንጫውን ወሰደች።

በቤታችን የሚታወሰው ግን ከዚያ ቀደም ያለው ሩብ ፍጻሜ ነው። ኬንያ ሞሮኮን በምድቡ በአሥር ሰው 1 ለ0 ስላሸነፈች ከተማው ሁሉ ሰክሮ ነበር። ከማዳጋስካር ጋር 1 ለ1 አልቆ በፍጹም ቅጣት ምት ስትወድቅ የሃራምቤ ስታርስን ማሊያ የለበሱት ልጆቻችን አለቀሱ። ወላጆችም ዝም ብለን ቴሌቪዥኑን አጥፍተን እራት አቀረብን።